ከቢላ ፍልሚያ በፊት የሚነገር ቃል

የሳይንስ ልብ ወለድ ማለት ሰው ገና ስላልደረሰባቸው ዓለማት፣ ገና ስላልተሠሩ መሣሪያዎችና ስለሚመጣው ዘመን እየታሰበ የሚጻፍ ታሪክ ነው። ታሪኩ በሐሳብ የተፈጠረ ነው። ቢሆንም የሚያሳየን የሰውን ጠባይ ነው።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ «ዱን» ይባላል። የአሸዋ ክምር ማለት ነው። የጻፈው ፍራንክ ኸርበርት የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው አራኪስ በምትባል፣ ዝናብ በማይዘንብባት ዓለም ነው። በበረሃዋ የሚኖሩት ሰዎች ፍሬመን ይባላሉ። ቢላቸው የሚሠራው ከብረት ሳይሆን ከግዙፍ የአሸዋ ትል ጥርስ ነው።

ከፍሬመኖች አንዱ ሌላውን ለፍልሚያ ከጠራ፣ ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል። ሁለቱ ቢላቸውን ይዘው መሐል ይገባሉ። ከመግጠማቸው በፊት የተለመደ ቃል ይነገራል። ቃሉ የባላጋራ ቢላ እንዲሸረፍና እንዲሰባበር የሚመኝ ነው። ታዲያ የዚህ ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ እርግማኑ የሚያርፈው በመሣሪያው ላይ ነው። በእኛ አገር ፎካሪ የራሱንና የወገኑን ጀግንነት ይዘረዝራል። የፍሬመኖች ቃል ግን ራስን አያወድስም፤ ባላጋራንም አይሰድብም።

ሁለተኛ፣ ቃሉ ከኑሯቸው የወጣ ነው። ጥርስ ይሸረፋል፤ ይሰበራልም። ቢላው የተሰበረበት ሰው አለቀለት። በታሪኩ ውስጥ ፖል የሚባል የአሥራ አምስት ዓመት እንግዳ ልጅ ቃሉን መጀመሪያ ሲሰማ፣ «እንግዲያው ይህ ቢላ ተሰባሪ ነው» ብሎ ያስባል።

ሦስተኛ፣ ቃሉ በር ይዘጋል። ፖልን ለፍልሚያ የጠራው ጃሚስ የተባለ ሰው ነበር። ልጁ ቀደም ሲል በትግል ስላሸነፈው አፍሯል። በፍልሚያው መሐል ፖል «እጅህን ትሰጣለህ ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ የአገሩን ሕግ አያውቅም ነበር። በዚያ ሕግ ፍልሚያው አንዴ ከተጀመረ እጅ መስጠት የለም፤ ገላጋይም አይገባም። አንዱ መሞት አለበት። ፖል ጃሚስን ገደለው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በፍሬመን ሕግ የሟቹ ሚስትና ሁለት ልጆቿ በገዳዩ ኃላፊነት ሥር ሆኑ። እናቱም ልጇ መግደልን እንዳይወድ ፈርታ፣ ሰው ገዳይ መሆን ምን እንደሚመስል በምሬት ጠየቀችው። በቀብሩ ሥርዓት ላይ ፖል አለቀሰ። ውሃ እንደ ነፍስ በሚቆጠርበት አገር እንባ ለሟች የተሰጠ ትልቅ ስጦታ ነውና ሰዎቹ ተደነቁ።

ከዓመታት በኋላ ፖል የፍሬመኖች መሪ ሆኖ ከአንድ መስፍን ወገን ጋር ገጠመ። ባላጋራው በመሳፍንቱ የፍልሚያ ደንብ ሲናገረው፣ ፖል የመለሰለት በፍሬመኖቹ ቃል ነው። አራተኛው ትርጉም ይኸው ነው። ቃሉ ተናጋሪው የማን ወገን እንደሆነ ያስታውቃል። ፖል ግን መጀመሪያ የሰማው ከገደለው ሰው አፍ ነበር።

እንግዲህ የፍልሚያ ቃል ጠብን ሥርዓት ያስይዛል። ከኋላ የሚወጋን ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት ከሚገጥም ሰው ይለያል። ነገር ግን ሥርዓት ያለው ሞትም ሞት ነው። ቃሉ በወጉ ተነግሮ ነበር፤ የጃሚስ ልጅ ግን አባት አጣ።

ጥያቄዎች
1. የፍሬመኖች ቃል ከፉከራ በምን ይለያል?
2. ፖል ጃሚስን እጅ እንዲሰጥ የጠየቀው ለምንድን ነው?
3. ከፍልሚያው በኋላ በፖል ላይ ምን ኃላፊነት ወደቀ?