አዲስ ብራውዘር በእጅ ስልክዎ ላይ

የገዙት የኢንተርኔት ፓኬጅ ወሩ ሳይጋመስ እያለቀ ከልጆችዎ ጋር ተጨቃጭቀው ያውቃሉ? እኛም ይኸው ቢያስቸግረን፣ ጎረቤታችን በመከሩን መሠረት ኦፔራ ሚኒ የተባለውን ብራውዘር አንድ ሳምንት ሞከርነው። ለዓለም የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 ቢሆንም ለእኛ አዲስ ነበር።

በቅድሚያ ልባችንን የማረከው ቁጠባው ነው። የፈለጉት ገጽ በቀጥታ ወደ ስልክዎ አይመጣም፤ አስቀድሞ የኩባንያው ኮምፒዩተር ዘንድ ደርሶ፣ ሥዕሉም ጽሑፉም ተጨምቆ ይላክልዎታል። ምን ያህል እንደተረፈም ራሱ ቆጥሮ ያሳያል፤ ይህን የምታይ እናት ደስ ሳይላት አይቀርም።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ ልብ ይበሉ። በከፍተኛው የቁጠባ ስልት ሲጠቀሙ ገጹን ከፍቶ የሚያዘጋጀው ያ መካከል ላይ ያለው ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ የሚጽፉት የይለፍ ቃልም በዚያው ያልፋል። ደብዳቤን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ እንደማስነበብ ያህል ነው። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ምስጢሩን ግን አውቆታል። ስለዚህ ዜናውንና የወጥ አሠራሩን በዚህ ያንብቡ፤ የባንክ ሒሳብዎን በባንኩ መተግበሪያ ይክፈቱ። ቅጽ የሚሞላባቸው አንዳንድ ገጾችም በዚህ ስልት በደንብ አይሠሩም፤ የልጅዎን የፈተና ውጤት ሲፈልጉ አስቀድመው ቁጠባውን ያጥፉት።