ማን ጻፈው፣ ማን መታው፦ የቢትልስ አድናቂዎች ክርክር

ቢትልሶች «ላቭ ሚ ዱ» የተባለውን ዘፈናቸውን በ1962 ለኢኤምአይ ኩባንያ ሦስት ጊዜ ቀረጹት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሦስቱም ጊዜ ድራም የመታው ሌላ ሌላ ሰው ነበር። በጁን ፔት ቤስት፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ እሱን የተካው ሪንጎ ስታር፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ ለዚያ ቀረጻ የተቀጠረው አንዲ ኋይት መታው። ኋይት ሲመታ ሪንጎ ታምቡሪን እንዲይዝ ተደረገ። መጀመሪያ የታተመው ነጠላ ሸክላ የሪንጎን ቅጂ ሲይዝ፣ በ1963 የወጣው «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» አልበም የኋይትን ያዘ። ሁለቱን መለየት ለሚፈልግ ሰው ጆሮው ይበቃዋል፤ ታምቡሪን ከተሰማ መቺው ኋይት ነው፣ ካልተሰማ ሪንጎ። የቤስት ቅጂ ለሕዝብ ጆሮ የደረሰው በ1995 ብቻ ነው።

ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ሆኖም ቤስት መባረር ነበረበት ወይ፣ ሪንጎስ በእርግጥ ደካማ ድራመር ነበር ወይ፣ «ትክክለኛው» ቅጂ የትኛው ነው የሚሉ ጥያቄዎች ሁሉ ከእሱ ይነሣሉ። የሊቨርፑሎቹ አራት ልጆች፣ ጆን ሌነን፣ ፖል ማካርትኒ፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር፣ በባንድነት ሸክላ ያሳተሙት ከ1962 እስከ 1970 ብቻ ነው። በስምንት ዓመት ያለቀ ሥራ ከስድሳ ዓመት በላይ የሚያከራክረው ለምንድን ነው? ፍቅር ብቻውን ምስጋና ያስደጋግማል። ክርክርን በሕይወት የሚያቆየው ማስረጃ ነው፤ የእነዚህ ልጆች ማስረጃ ደግሞ ሸክላውን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ እጅ ላይ አለ።

አድናቂው ይህን ማስረጃ የሚያገላብጥበት ቦታ ገና ከጅምሩ ነበረው። «ዘ ቢትልስ መንዝሊ» የተባለው መጽሔት ከ1963 እስከ 1969 በየወሩ ይወጣ ነበር። በአሜሪካ በ1974 በኒው ዮርክ የተጀመረው የአድናቂዎች ጉባኤ ዛሬም ይካሄዳል፤ ሊቨርፑልም በየዓመቱ ኦገስት ላይ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡትን ታስተናግዳለች። ለክርክሩ ትልቁን ውለታ የዋለው ግን ማርክ ሉዊሶን ይመስለኛል። ከአድናቂነት ተነሥቶ የታሪክ አጥኚ ሆነ፤ የስቱዲዮውን ካሴቶችና መዝገቦች መርምሮ በ1988 የቀን በቀን የቀረጻ ታሪክ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ «ይመስለኛል» ብሎ የሚከራከር ሰው ቀኑንና የቅጂውን ተራ ቁጥር ይጠየቃል። በ1994 ደግሞ ኢያን ማክዶናልድ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ እየመዘነ ጻፈ። የእሱ ፍርድ ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ያስቆጣቸው ግን ደግመው እንዲያዳምጡ አድርጓቸዋል።

ከክርክሮቹ ሁሉ የከበደው «ማን ጻፈው?» የሚለው ነው። በእኛ አገር ካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። ሌነንና ማካርትኒ ግን ገና በልጅነታቸው ተስማምተው፣ አንዱ ብቻውን የሠራውንም ሆነ ሁለቱ የተጋገዙበትን በጋራ ስማቸው አወጡት። በመጀመሪያው አልበም ላይ የማካርትኒ ስም ይቀድም ነበር፤ ወዲያው ተገለበጠና «ሌነን–ማካርትኒ» ሆኖ ጸና። በ1965 የተቀረጸው «የስተርዴይ» ላይ ከባንዱ አባላት ማካርትኒ ብቻ ነው ያለው፤ አጃቢዎቹ አራት የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው። ሆኖም የሌነን ስም ፊት ቆሞበታል። ማካርትኒ በ2002 ባሳተመው የመድረክ አልበም የአሥራ ዘጠኝ ዘፈኖችን የስም ቅደም ተከተል ሲገለብጥ የሌነን ባለቤት ዮኮ ኦኖ ተቃወመች፤ አድናቂውም ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልም ሲል፣ ሌላው እውነት እውነት ነው አለ።

ሁለቱ ደራሲዎች ራሳቸው የማይስማሙበት «ኢን ማይ ላይፍ» ለዚህ ክርክር ጥሩ ማሳያ ነው። ግጥሙ የሌነን መሆኑ አያጨቃጭቅም። ሌነን ማካርትኒ የመካከለኛውን ክፍል ዜማ አገዘኝ አለ፤ ማካርትኒ ደግሞ ዜማውን በሙሉ እኔ ነኝ ያወጣሁት ይላል። የስታቲስቲክስና የሒሳብ ምሁራኑ ማርክ ግሊክማንና ጄሰን ብራውን ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ባለቤትነታቸው በሚታወቅ ዘፈኖች ውስጥ ያሉትን የዜማና የኮርድ ልማዶች ቆጥረው፣ የዋናውን ክፍል ዜማ ማካርትኒ የመጻፉ ዕድል አነስተኛ እንደሆነ አስሉ። ስሌቱ የማካርትኒን ደጋፊዎች አላሳመነም፤ ሰው አንዳንዴ የጓደኛውን ልማድ ይዋሳል ብለው መለሱ፣ መልሱም ክብደት አለው። እኔን የሚገርመኝ በዚህ ሁሉ መሀል ጆርጅ ማርቲን መረሳቱ ነው። በዘፈኑ መሀል የሚሰማውን ፒያኖ የተጫወተው ይኸው የባንዱ ፕሮዲውሰር ነው፤ ቴፑን በግማሽ ፍጥነት አስኪዶ ቀረጸውና በመደበኛው ፍጥነት ሲመለስ ያ የሚያብረቀርቅ ድምፅ ወጣ። ለብዙ አድማጭ ዘፈኑ ማለት እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው፤ ስሙ ግን ከደራሲዎቹ ተርታ የለም።

አባላቱን የማወዳደር ልማድ ለረጅም ጊዜ በሌነንና በማካርትኒ መካከል ብቻ ይዞር ነበር። አንዱ አመፀኛ፣ ሌላው ጣፋጭ ዜማ አውጪ ተብሎ ተሣለ። ሥዕሉ አይጸናም። «ሄልተር ስኬልተር» የተባለውን ጩኸታም ዘፈን ያመጣው ጣፋጩ ማካርትኒ ነው፤ ለልጁ እንቅልፍ ማባበያ የሚሆነውን «ጉድ ናይት» የጻፈው ደግሞ አመፀኛው ሌነን።

ሪንጎ ላይ የተሠራው በደል ከሁሉም ይብሳል። ሪንጎ በቢትልስ ውስጥ እንኳ ምርጡ ድራመር አልነበረም የሚል ቀልድ በሌነን ስም ሲዞር ኖሯል። ሌነን ይህን አላለም፤ ቀልዱ የወጣው እሱ ከተገደለ በኋላ ከእንግሊዝ የቀልድ ፕሮግራም ነው። ሪንጎ ግራኝ ሆኖ ለቀኝ እጅ በተዘረጋ ድራም ላይ ይቀመጥ ስለነበር፣ ከአንዱ ከበሮ ወደ ሌላው ሲሻገር ሌሎች የማይሄዱበትን መንገድ ይሄዳል። «ሬይን»ን ወይም «ካም ቱጌዘር»ን ከፍቶ ድራሙን ብቻ ለሚከተል ሰው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። በኦገስት 1968 ተከፍቶ ባንዱን ጥሎ ሲወጣ «ባክ ኢን ዘ ዩኤስኤስአር» እና «ዲር ፕሩደንስ» ላይ ማካርትኒ ድራም መታ። ሪንጎ ሲመለስ ድራሙን በአበባ አጊጦ አገኘው።

የሃሪሰን ክርክር የተገለበጠው በአድማጩ ነው። በባንዱ ዘመን በየአልበሙ ጥቂት ዘፈን ቢፈቀድለት ነው፤ በነጠላ ሸክላ ፊት ለፊት የእሱ ዘፈን የወጣው «ሳምቲንግ» በ1969 ሲታተም ብቻ ነበር። ዛሬ በስፖቲፋይ ከቢትልስ ዘፈኖች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚደመጠው የእሱ «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ነው። የሃሪሰን ወዳጆች ይህን ሲያነሡ ተከራካሪዎቻቸው ሁለት እውነት ያቀርባሉ፦ በራሱ ዘፈን በ«ታክስማን» ላይ ሊድ ጊታሩን የተጫወተው ማካርትኒ ነው፤ «ዋይል ማይ ጊታር ጄንትሊ ዊፕስ» ላይ የሚያለቅሰውም ጊታር የኤሪክ ክላፕተን ነው። ሁለቱም ትክክል ነው። በእኔ ዕይታ ግን ዘፈኑ የሚጠይቀውን አውቆ ቦታውን ለሌላ መልቀቅ ራሱ የሙዚቀኛ ችሎታ ነው።

«ምርጡ አልበም የትኛው ነው?» ሲባል ደግሞ ዘመን ይፈርዳል። «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት በ2003 ባወጣው የአምስት መቶ አልበሞች ዝርዝር «ሳርጀንት ፔፐርስ» አንደኛ ነበር። በ2020 ወደ ሃያ አራተኛ ወርዶ «አቤይ ሮድ» አምስተኛ፣ «ሪቮልቨር» አሥራ አንደኛ ሆኑ። እኔም ከ«ሪቮልቨር» ጋር ነኝ፤ በ1966 በአንድ ሸክላ ላይ «ኤሌኖር ሪግቢ»ንና «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ»ን ያስቀመጠ ባንድ ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል?

እዚህ ላይ ብዙ ተከራካሪ የሚስተው ነገር አለ፤ ሁሉም የሰማው አንድ አልበም አይደለም። ካፒቶል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የእንግሊዞቹን አልበሞች እየቆራረጠ በራሱ ቅደም ተከተል ያሳትም ነበር። አሥራ አራት ዘፈን የነበረው «ሪቮልቨር» አሜሪካ ሲደርስ አሥራ አንድ ሆነ። የቀሩት ሦስቱም በዋናነት የሌነን ናቸው፤ በሸክላው ላይ ሁለት ብቻ ተረፉለት። አሜሪካዊው አድማጭ ያን ዓመት ሌነን ቀዝቅዞ ነበር ቢል ያን ጊዜ በእጁ ከያዘው ሸክላ ተነሥቶ ነው። የ«ራበር ሶል» የአሜሪካ ቅጂም በሌሎች ዘፈኖች ተለዋውጦ ለስላሳ የሕዝብ ዘፈን ጠረን ያዘ። የቢች ቦይስ መሪ ብራያን ዊልሰን ሰምቶ «ፔት ሳውንድስ»ን እንዲሠራ የተነሣሣው በዚያ ቅጂ ነው፤ ስለዚህ የተበላሸ አልበም ብሎ መጣሉ አስቸጋሪ ነው። የእንግሊዙ ቅደም ተከተል በዓለም ሁሉ መደበኛ የሆነው በ1987 ሲዲ ሲመጣ ነው።

በሞኖና በስቴሪዮ መካከል ያለውም ልዩነት እንዲሁ ነው። «ሳርጀንት ፔፐርስ» ሲዋሃድ አራቱ ልጆች አብረው የተቀመጡት ለሞኖው ነበር፤ ስቴሪዮው እነሱ በሌሉበት በጥቂት ቀናት አለቀ። «ሺ ኢዝ ሊቪንግ ሆም» በሞኖ ፈጠን፣ ድምፁም ከፍ ይላል። በስቴሪዮ ስታደምጠው ያ ታሪክ ያዘነ፣ በሞኖ ደግሞ የቸኮለ ይመስላል። ሞኖውን ለመስማት ያረጀ ሸክላ ፍለጋ የሚንከራተቱትን እረዳቸዋለሁ። ሠላሳ ዘፈን ስላለው የ1968ቱ ነጭ አልበም ደግሞ ጆርጅ ማርቲን ራሱ ወደ አንድ ሸክላ ይጠር ብሎ ነበር። አድናቂዎች ዛሬም የየራሳቸውን የአሥራ አራት ዘፈን ዝርዝር ያወጣሉ፤ ሁለት ዝርዝር እምብዛም አይገጥምም።

የአልበም ሽፋኖቹ ጉዳይ ለዓይን የቀረበ ክርክር ነው። «ሳርጀንት ፔፐርስ»ን የሠሩት ፒተር ብሌክና ጃን ሃዎርዝ ከባንዱ ጀርባ ብዙ ዝነኛ ፊት ደረደሩ። ማን እንዳለ ከመቁጠር ይልቅ ማን እንደወጣ መጠየቅ ይበልጥ ያስተምራል፦ ጋንዲ በኢኤምአይ ጥያቄ ወጣ፤ ተዋናዩ ሊዮ ጎርሲ አራት መቶ ዶላር በመጠየቁ ተሰረዘ። በ1966 አሜሪካ የታተመው «የስተርዴይ ኤንድ ቱዴይ» ላይ አራቱ ልጆች ነጭ ጋዋን ለብሰው ጥሬ ሥጋና የተቆራረጠ አሻንጉሊት ታቅፈው ታዩ። ቁጣ ሲነሣ ኩባንያው ሸክላውን ሰበሰበና በብዙዎቹ ላይ ሌላ ፎቶ ለጠፈበት። ሰብሳቢዎች የላዩን ወረቀት በእንፋሎት ሲያስለቅቁ ኖረዋል። ብዙ አድናቂ ፎቶው ካፒቶል አልበሞቻቸውን መቆራረጡን ለመቃወም ነው ይላል። ፎቶ አንሺው ሮበርት ዊታከር ግን የራሱ የኪነ ጥበብ ሐሳብ መሆኑን ተናግሯል፤ እኔም ባለቤቱን አምናለሁ።

«አቤይ ሮድ»ን የመሰለ ግን የለም። ኦገስት 8 ቀን 1969 ኢያን ማክሚላን መንገድ መሀል መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ፖሊስ መኪና አስቁሞለት ስድስት ፎቶ አነሣ። በዚያው መኸር ማካርትኒ ሞቷል የሚል ወሬ በአሜሪካ ኮሌጆችና በዲትሮይት ራዲዮ ተነዛ፤ ሽፋኑም ማስረጃ ተደረገ። ነጭ የለበሰው ሌነን ቄስ፣ ጥቁር የለበሰው ሪንጎ ቀባሪ፣ ጂንስ የለበሰው ሃሪሰን ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ባዶ እግሩን የሚሄደው ማካርትኒ ሬሳ ነው ተባለ። የቆመችው ቮልስዋገን ሰሌዳ ላይ ያለው ጽሑፍም በሕይወት ቢኖር ሃያ ስምንት ዓመት ይሞላው ነበር ማለት ነው አሉ። ማካርትኒ ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ነበር፤ ከስድስቱ ፎቶዎች መጀመሪያ በተነሡት ላይም ሰንደል አድርጓል። በኖቬምበር «ላይፍ» መጽሔት በሕይወት እንዳለ አነጋግሮት አወጣ። ወሬው የማይረባ ቢሆንም ሰዎች ሽፋንን በአጉሊ መነጽር ማንበብ የተማሩበት አጋጣሚ ስለሆነ ከታሪኩ አላወጣውም። ማቋረጫው ከ2010 ጀምሮ በእንግሊዝ መንግሥት የተመዘገበ ቅርስ ነው።

የመለያየታቸው ክርክር ለዓመታት ጥፋቱን በዮኮ ኦኖ ላይ ሲጥል ኖሯል። ፒተር ጃክሰን በ2021 ስምንት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን «ጌት ባክ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሲያወጣ፣ በጃንዋሪ 1969 ስቱዲዮ ውስጥ የነበረችው ዮኮ በአብዛኛው ዝም ብላ ስትቀመጥ ታየች። የሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን በ1967 መሞቱና ገንዘባቸውን ማን ያስተዳድር በሚለው ላይ አለመስማማታቸው ይበልጥ ይመዝናል።

አዲሱ ጭቅጭቅ በ2023 በወጣው «ናው ኤንድ ዜን» ዙሪያ ነው። ሌነን በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤቱ በካሴት ከቀረጸው ላይ ኮምፒዩተር ድምፁን ከፒያኖው ለይቶ አወጣው፤ የሃሪሰን ጊታር በ1995 ከተቀረጸው ተወሰደ፤ ማካርትኒና ሪንጎ የራሳቸውን ጨመሩ። አራቱም እጃቸውን ስላስገቡበት የቢትልስ ነው ለመባል ይበቃል እላለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ላይ ነው። በሌነን ካሴት ላይ ከአዝማቹ በፊት የሚመጣ አንድ ክፍል ነበር፤ በታተመው ዘፈን ውስጥ ተቆርጧል። አንዳንድ አድናቂዎች ክፍሉን መልሰው የራሳቸውን ቅጂ ሠርተዋል። ቆራጮቹ ያ ክፍል ያላለቀ ስለነበር ነው ይባልላቸዋል፤ ዘፈኑ የሚጨነቀውና የሚጠራጠረው ግን እዚያ ላይ ስለነበር፣ ተቆርጦ ባልወጣ ከሚሉት ጋር ነኝ።