ስም በተቀየረ ቁጥር ኮድ አይነካ

ጀማሪ ፕሮግራመሮች ደጋግመው ከሚያነሱልኝ ጥያቄዎች አንዱ «የማዋቀሪያ ፋይል ለምን ያስፈልጋል? ሁሉንም ኮዱ ውስጥ ብጽፈውስ?» የሚል ነው። መልሱን ከአርባ ምንጭ መውሰድ ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ዞን ሲከፈል ከተማዋ የጋሞ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደግሞ ክልሏ ደቡብ ኢትዮጵያ ተባለ። ስሞቹን በየገጹ ኮድ ውስጥ የበታተነ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ሙሉ ፕሮግራሙን ማሰስ ግድ ይለዋል። አንዷን ከዘለላት ደረሰኙና ሪፖርቱ የተለያየ ስም ይዘው ይወጣሉ። በማዋቀሪያ ፋይል ያስቀመጠው ግን አንድ ሁለት መስመር ለውጦ ይገላገላል።

ፓይተን ለዚሁ ሥራ ኮንፊግፓርሰር የተባለ ላይብረሪ አለው። ሆኖም ላይብረሪው የፋይሉን ይዘት ሁሉ እንደ ጽሑፍ ስለሚያነብ፣ «ፎልስ» የሚለው ቃል ሳይቀር ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ነውና በሁኔታ መፈተሻ ላይ «ትሩ» ሆኖ ይቆጠራል። መፍትሔው «ጌትቡሊያን» በሚለው ትእዛዝ ማንበብ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የማዋቀሪያ ፋይል የሚይዘው የዛሬውን ስም ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተሰጠ ሰነድ ዛሬ ሲታተምም «ጋሞ ጎፋ» ማለት ስላለበት፣ የቀድሞው ስም ከነዘመኑ በዳታቤዝ ይቀመጥ። አለዚያ ባለጉዳዩ በእጁ ያለው ወረቀትና የቢሮው መዝገብ አይገናኙም።