ምስሉ ሲቆም
ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ድሮኗ ከአናታቸው በላይ ነበረች። ምስሉ ግን የካሜራ ባለሙያው ስልክ ላይ ድርቅ አለ። ልጁን ላብ አጠመቀው፤ «ሲግናል ጠፋ!» አለ። ሲግናሉስ አልጠፋም። ሪሞቱን ከስልኩ የምታገናኘው፣ ስንዝር የማትሞላ ኬብል ከመሰኪያዋ ላልታ ነበር።

እንደ ዲጄአይ ሚኒ 2 ባሉ ድሮኖች ከድሮኗ እስከ ሪሞቱ ያለው መንገድ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ከሪሞቱ እስከ ስልኩ ያለው ደግሞ ኬብል። ኬብሉ ቢነቀል የሚጠፋው ምስሉ ብቻ ነው፤ መሪው አሁንም እጅዎ ላይ ነው፣ የመመለሻ ቁልፉም ይሠራል። ስለዚህ ምስል ሲቆም ስልኩን ከመነካካት በፊት ቀና ብለው ድሮኗን ይዩ፤ መሪውን በትንሹ ሲነኩት ከታዘዘች ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከስልኩ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

ሞገዱን በተመለከተ ምርጫው 2.4 ወይም 5.8 ጊጋኸርዝ ነው። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ይበልጣል የሚል ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በእኩል ኃይል ከተላኩ 2.4 ይርቃል፣ ቅጠልና ግድግዳንም የተሻለ ይችላል። ችግሩ መንገዱ መጨናነቁ ነው፦ የጎረቤት ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀር እዚያው ይተራመሳሉ። ኮንዶሚኒየም መሀል በቅርብ እያዩ ለማብረር (ፈቃዱን አውጥተዋል ብለን ነው) 5.8 ይሻላል፤ ገላጣ ሜዳ ላይ 2.4። የአገር ሕግም ለውጥ ያመጣል። አምራቹ ለሚኒ 2 የሰጠው ርቀት በአሜሪካ ደንብ 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የማሰራጫ ኃይልን በሚገድበው በአውሮፓው ደንብ 6 ነው፤ ያውም ምንም በማይከልልበት። እኔን ከጠየቁኝ የሞገዱን ምርጫ ለድሮኗ ለራሷ ይተዉላት፤ አውቶማቲኩ ከብዙዎቻችን ይሻላል።

ወደ ኬብሉ እንመለስ። ተራ የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። አንዳንዱ ርካሽ የቻርጀር ገመድ የመረጃዎቹ ሽቦዎች ጭራሽ የሉትም። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ምስል ግን የለም፤ ባለቤቱም ድሮኗን ያማል። አይፎን ከሆነ ደግሞ ከ15 ጀምሮ ያለው ታይፕ ሲ ነው፣ የቀድሞው ላይትኒንግ አይገባለትም።

ኬብል ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ስልክዎን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙበትና ይሞክሩት። የስልኩ ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ካልታዩ፣ ገንዘብዎን ሳይከፍሉ ይመልሱለት።