የሳተላይት ሬዲዮ ለመኪና፦ ሰማዩ የተመቸው፣ አገልግሎቱ የጠፋው

የሳተላይት ሬዲዮ ድምፅን ከተራራ ጫፍ ማማ ሳይሆን ከሕዋ የሚያሰራጭ አገልግሎት ነው። ጣቢያው ዝግጅቱን በትልቅ ዲሽ ወደ ሳተላይቱ ይልካል፤ ሳተላይቱ ተቀብሎ በሌላ ሞገድ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ለሚያየው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ድምፁ ደርሶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አድማጭ ልብ የሚለው ነገር አይደለም። በዚህች መዘግየት የሚገዛው ሽፋን ደግሞ አህጉር ያህላል።

የኤፍ ኤም ሞገድ ግን የሚጓዘው ቀጥ ባለ መስመር ነው፤ ተራራና የምድር ጉብታ ያግደዋል። የባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9ን ከፍቶ በመራዊ፣ በዱርቤቴና በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሾፌር፣ ጥርት ብሎ የነበረው ድምፅ ቀስ በቀስ ሲሻክር፣ ከዚያም ሲጠፋ ይሰማዋል። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ሲገባ ደግሞ ገደሉ ራሱ ግድግዳ ይሆንበታል። የአማራ ሬዲዮ ይሰራጭበት የነበረው የ6090 ኪሎ ኸርዝ አጭር ሞገድ ከከባቢ አየሩ የላይኛው ንብርብር ጋር እየነጠረ ሩቅ ይደርሳል፤ ድምፁ ግን ከፍና ዝቅ ይላል፣ የአብዛኛው መኪና ቴፕም አጭር ሞገድ የለውም።

ይህን ክፍተት ከሕዋ ለመሙላት ቀድሞ የተነሣው በኢትዮጵያ የተወለደው ኖህ ሳማራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለድምፅ ስርጭት ከ1452 እስከ 1492 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ሞገድ ፈቀደ፤ ጥቅምት 28 ቀን 1998 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአፍሪካው ሳተላይት አፍሪስታር በአሪያን ሮኬት ተወነጨፈ። ስርጭቱ በማግሥቱ ዓመት ተጀመረ። ሲሪየስና ኤክስ ኤም የተባሉት የአሜሪካ ጣቢያዎች ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለኤክስ ኤም መቋቋም ከጅምሩ ገንዘብ ካወጡት አንዱም ይኸው ወርልድስፔስ ነበር።

አፍሪስታር የቆመው በምድር ወገብ ላይ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ነበር። ባሕር ዳር ሆኖ ፊቱን ወደ መራዊና ወደ ቆጋ ግድብ ያዞረ ሰው፣ ዓይኑን ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ቢያነሣ ሳተላይቱ የነበረበትን ነጥብ ያገኘዋል። ከአናት ብዙም አይርቅም ማለት ነው። ለመኪና ሬዲዮ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል የለም፦ ሳተላይቱ ከፍ ባለ መጠን ፎቅና ኮረብታ አይጋርደውም፤ የዓባይ በረሃ ገደል እንኳ ከጎን እንጂ ከላይ አይዘጋም። በአንጻሩ ዋሽንግተን ከምድር ወገብ ስለራቀች፣ በ85 ዲግሪ ምዕራብ የቆመ ሳተላይት የሚታያት በ44 ዲግሪ ገደማ ነው። አሜሪካኖቹ ይህን ለማካካስ ብዙ ደክመዋል። ኤክስ ኤም ሁለት ሳተላይት አቁሞ የአንዱን ድምፅ ከሌላው በጥቂት ሰከንድ አዘገየ፤ መኪናው በድልድይ ሥር ሲያልፍ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ይተካዋል። ሲሪየስ ሦስት ሳተላይቶችን በተራዘመ ምሕዋር እያዞረ፣ እያንዳንዱ በቀን 16 ሰዓት ያህል በሰሜኑ ሰማይ ላይ እንዲቆይ አደረገ። በዚያ ላይ ሁለቱም በየከተማው የምድር ማሰራጫ ተከሉ። ለጣና ዳርቻ ከዚህ ሁሉ አብዛኛው አያስፈልግም ነበር።

የሞገዱ ርዝመትም ለክረምት አገር የተመቸ ነው። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው የቴሌቪዥን ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ ርዝመቱ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ሥዕሉ ይቆራረጣል። የወርልድስፔስ ሞገድ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለነበር ዝናብ አይበግረውም። እርጥብ ቅጠል ግን ይመጠዋል፤ ጥቅጥቅ ባለ ዋርካ ሥር የቆመ መኪና ከሁሉም በላይ የሚቸገረው በዚህ ነው። ዲሹን መኪና ላይ መትከልስ? አይሆንም። ዲሽ ጉልበት የሚያገኘው ወደ አንድ ነጥብ ብቻ በማነጣጠር ነው፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ነጥቡን ይስታል። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት ለቤት የሚደርሰውን ያህል ለመንገደኛ የማይደርሰው ለዚህ ነው።

ወርልድስፔስን የጣለው ሳይንሱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። መቀበያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር፤ አድማጩ የተበተነና አቅሙ ውስን፣ በዚያ ላይ ኤፍ ኤም በነፃ። የተሠራውም በዋናነት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሚሰማ ነበር፤ የመኪናው ገበያ ለአሜሪካኖቹ ቀረ። ኩባንያው ጥቅምት 2008 (እ.ኤ.አ.) ከዕዳው የሕግ ከለላ ጠየቀ፣ አገልግሎቱም ከሰመ። በዚያው ዓመት የተዋሐዱት ሲሪየስና ኤክስ ኤም ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አላቸው፤ ሽፋናቸው ግን ከሰሜን አሜሪካ አይዘልም። ከአሜሪካ በመጣ መኪና ቴፕ ላይ ያለው የኤክስ ኤም ቁልፍ እዚህ ጌጥ ነው፤ ለእሱ ተጨማሪ ብር መክፈል ከንቱ ወጪ ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ሾፌር የሚመርጠው በሳተላይት አገልግሎቶች መካከል አይደለም፤ ቴፑ የትኛውን ሞገድ ያነባል የሚለው ይቀድማል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቪትዝና መሰል መኪኖች ኤፍ ኤም የሚይዙት ከ76 እስከ 90፣ ዘግየት ያሉት እስከ 95 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ 96.9 ከዚያ ውጪ ነው። ከአንቴናው ገመድ ጋር የሚገጠም፣ ሞገዱን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ አለ። ለምሳሌ በ12 ሜጋ ኸርዝ የሚቀንሰው ከሆነ 96.9 በቴፑ ላይ 84.9 ሆኖ ይገኛል። እስከ 90 ብቻ በሚያነብ ቴፕ ግን ከ102 በላይ ያለው ሁሉ ይቀራል፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ሸገር 102.1 በጥቂቱ ያመልጣል። በዚህ ላይ ድምፁ ይቀንሳል፤ አቅም ካለ ቴፑን መቀየር ይሻላል። መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው፦ የሞተሩ መቆጣጠሪያ የሚፈጥረው ጫጫታ ኤ ኤምን ይረብሻል፤ አንዳንድ አምራቾችም ኤ ኤሙን ጨርሰው አውጥተውታል።

በስልክና በብሉቱዝ ማዳመጥ ሌላው መንገድ ነው። በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የሚለቀቅ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል፤ የአሥር ሰዓት ጉዞ ከ300 ሜጋ ባይት አያልፍም። ችግሩ ከከተማ ከተማ ባለው መንገድ ኔትወርኩ መጥፋቱ ነው። ዜና ለሚፈልግ ኤፍ ኤሙን በየከተማው መቀያየር ይበቃዋል፤ ረጅም ትረካ ወይም ሙዚቃ የሚፈልግ ግን ከመነሣቱ በፊት በዋይፋይ ስልኩ ላይ አውርዶ ወይም በፍላሽ ጭኖ ቢሄድ ከሁሉም ያነሰ ወጪ ያወጣል።