ከሁለት ማረሻ የሚሠራ የሰፊ መደብ ማውጫ

በደጀንና በቢቸና አካባቢ የሚገኘው ዋልካ መሬት በክረምት ውኃ ስለሚቋጥር የስንዴው ሥር በአየር እጦት ይታፈናል። ገበሬው ዝናቡ እስኪቀንስ ከጠበቀ ደግሞ እርጥበቱ ሰብሉ ሳይደርስ ያልቃል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ለዚህ ችግር ያወጣውን መሣሪያ አሠራር ከዚህ በታች እናስረዳለን።

አሠራር

1. የሁለት ማረሻ ሞፈር አሳጥሮ ጫፋቸውን ከፊት ማገናኘትና ከቀንበሩ ከሚደርስ ሞፈር ጋር አጥብቆ ማሰር፤
2. በሁለቱ ማረሻዎች መካከል 1.20 ሜትር ለክቶ በአግዳሚ እንጨት ማጥበቅ፤
3. በእያንዳንዱ ላይ አፈሩን ወደ መሐል የሚገፋ የብረት ክንፍ መግጠም፤
4. ከክንፍ እስከ ክንፍ ሰንሰለት ማንጠልጠል። ሰንሰለቱ እየተጎተተ መደቡን ይደለድላል፤ ዘሩንም አፈር ያለብሳል።

አጠቃቀም

ማሳው በሚገባ ታርሶ ከለሰለሰና ዘሩ ከተበተነ በኋላ በአንድ ጥማድ በሬ ይጎተታል። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። በተመለሰ ቁጥር አንዱ ማረሻ ቀድሞ በወጣው ቦይ ይሂድ። አፈሩ ከጨቀየ ግን ክንፉ ላይ እየተለጠፈ በሬዎቹን ያደክማል፤ ስለዚህ ሥራው ጭቃው ሳይበረታ ይፈጸም።

ማሳሰቢያ

ቦዩ ለስላሳ ተዳፋት ተከትሎ ይውጣ፤ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ አፈሩን ይጠርጋል። ከሁሉም በላይ መውጫ ያስፈልገዋል። የአንዱ ማሳ ውኃ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ከተለቀቀ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ያጠፋል፤ ጠብም ያመጣል። ስለሆነም የልማት ሠራተኛውና ማኅበሩ የመጀመሪያው ቦይ ከመውጣቱ በፊት ባለማሳዎቹን ሰብስበው የጋራ ማፋሰሻውን መስመር በስምምነት እንዲወስኑ እናሳስባለን።