ጫማ ጠጋኙ ነጋዴና ዘጠናዎቹ ልጆች

በእንግሊዝ ከተሞች በባቡር ጣቢያና በሱፐርማርኬት በር አካባቢ ጠበብ ያለች ሱቅ አትጠፋም። ውስጧ አንድ ሁለት ሠራተኞች ጫማ ይጠግናሉ፣ ቁልፍ ይቀርጻሉ። ስሟ ቲምፕሰን ይባላል። ከእህት ሱቆቿ ጋር ሲደመሩ ቁጥራቸው ከ2,000 ይበልጣል። እነዚህን ሱቆች ለዓመታት የመሩት ሰር ጆን ቲምፕሰን ናቸው። ለወላጆችና ለአያቶች የሚጠቅመው ግን ከሱቁ ይልቅ የቤታቸው ታሪክ ነው።

ድርጅቱ በ1865 በማንቸስተር የተጀመረ የጫማ ንግድ ነው። ጆን የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በ1943 ነው። በ1972 አባታቸው ከሊቀመንበርነት ተነሱ፤ በዓመቱም የቤተሰቡ ድርጅት ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ጆን በሥራው ቆይተው በ1983 በ42 ሚሊዮን ፓውንድ መልሰው ገዙት። በ1987 የጫማ መሸጫዎቹን ሸጡና ጥገናውንና ቁልፍ ቀረጻውን ብቻ ይዘው ቀሩ።

አመራራቸው ለብዙዎች እንግዳ ነበር። የሱቅ ሠራተኛ ሁለት ሕግ ብቻ አለበት፦ ንጹሕ ሆኖ መቅረብና ገንዘቡን ካዝና ውስጥ ማስገባት። ቅር የተሰኘ ደንበኛ ሲመጣ ማንንም ሳያስፈቅድ እስከ 500 ፓውንድ አውጥቶ ጉዳዩን መጨረስ ይችላል። በልደቱ ቀን ደግሞ ያርፋል። ሥራ አጥ ሰው ለቅጥር ቃለ መጠይቅ የሚለብሰውን ልብስ በነፃ ያጥቡለታል።

ወደ ቤታቸው እንግባ። ባለቤታቸው አሌክስ የሕፃናት እንክብካቤ ሙያ የተማሩ ነበሩ። ሦስት ልጆች ወልደው የመጨረሻው ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በአደራ ልጅ ማሳደግ ጀመሩ። በእንግሊዝ ወላጆቹ ሊይዙት ያልቻሉትን ልጅ መንግሥት ለጊዜው በሌላ ቤተሰብ ዘንድ ያስቀምጠዋል። ልጁ ከሳምንትም ከዓመታትም በኋላ ወደ ወላጁ ሊመለስ ይችላል። ባልና ሚስቱ በ31 ዓመታት ውስጥ 90 ያህል ልጆችን እንዲህ ተቀብለዋል፤ ሁለቱን ደግሞ በጉዲፈቻ የራሳቸው አድርገዋል።

እንደ ነርስነቴ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃን ሲያለቅስ ሁልጊዜ የሚደርስለት አንድ የታወቀ ሰው ካለው፣ ሰውን ማመን ይማራል። ይህን ትስስር እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ በሰፊው አጥንተውታል። ይህ ያልተደረገለት ልጅ ግን ካደገም በኋላ ምግብ ሊደብቅ፣ ሊዋሽ፣ ሲያቅፉት ሊሸሽ ይችላል። ሰው «ባለጌ ነው» ይለዋል፤ ልጁ ግን የፈራ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በአሌክስ ስም የተቋቋመው ድርጅት መምህራን ይህን እንዲረዱ የሚያግዝ ሥራ ይደግፋል።

አንባቢ ሆይ፣ «የራሳቸው ልጆችስ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እናትና አባቱን ከማያውቃቸው ልጆች ጋር የሚካፈል ልጅ የሚጎድልበት ነገር አለ፤ መጫወቻውንም፣ የእናቱን ሰዓትም ያካፍላል። የቲምፕሰን ልጆችም ይህን አይተው አድገዋል። አሌክስ የእስረኞችን ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ለማገናኘት ስታያል ወደሚባለው የሴቶች ወህኒ ቤት ሲሄዱ፣ ትንሹ ጄምስ አንዳንዴ አብሮ ሄዶ ውጪ መኪና ውስጥ ይጠብቅ ነበር።

ያ ልጅ አድጎ የአባቱን ሥራ ተረከበ። በ2002 አንድ ወህኒ ቤት ሲጎበኝ ካገኘው ወጣት እስረኛ ጋር ተግባባና ሲፈታ ቀጠረው። ከዚያ በኋላ ከእስር የወጡ ሰዎችን መቅጠር የድርጅቱ ልማድ ሆነ፤ ከሠራተኞቹ አሥር በመቶ ያህሉ እንደዚያ የገቡ ናቸው። በሐምሌ 2024 ደግሞ ጄምስ የብሪታኒያ የወህኒ ቤቶች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ወንድማቸው ኤድዋርድም በቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃነት ሠርተው የምክር ቤት አባል፣ በኋላም የሕፃናት ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። አሌክስ በ2016 አረፉ። ጆን ደግሞ በ2017 በንግድና በአደራ ልጆች አስተዳደግ ላበረከቱት አስተዋጽኦ የሰርነት ማዕረግ አገኙ።

የሟች እህት ልጅን፣ ከገጠር የመጣን ዘመድ ወይም የልጅ ልጅን የምታሳድጉ ወላጆችና አያቶች ዘጠና ልጅ ማሳደግ አይጠበቅባችሁም። አንዱን በሚገባ መያዝ ይበቃል። ምግቡና መኝታው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁንለት። ጠዋት የተቆጣችሁትን ልጅ ማታ እንደ ወትሮው ስሙት። ቶሎ እንዲያመሰግናችሁ ወይም «እማዬ» እንዲላችሁ አትጠብቁ። ለራሳችሁ ልጆች ደግሞ እንግዳው ሳይመጣ በፊት ንገሯቸው፤ ከመጣም በኋላ የእነሱ ብቻ የሆነ ሰዓት ስጧቸው። የቤት ሥራ ሲሠሩም ሆነ ሲጫወቱ ለመጣው ልጅ የምትናገሩትን ይሰማሉ፤ ነገ ሰው ሲያስተዳድሩም የሚያስታውሱት እሱን ነው።